እስከ መጨረሻው ድረስ የምታነብ ሴት

ወይዘሮ እልፍነሽ ማረፏን የሰማሁት የንግድ ፈቃዴን ላሳድስ በሄድኩበት ዕለት ነው። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከማለዳው ይዞታል። እንደ ልማዴ ፋይሌን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጃንጥላዬን በር ላይ አራግፌ፣ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው መስኮት አመራሁ። ከመስኮቱ ኋላ የማላውቃት ልጅ ተቀምጣለች።

«አባባ፣ ምን ልታዘዝ?»

«እልፍነሽን ነበር።»

ልጅቷ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ጓደኛዋም ወረቀት ታገላብጥ ጀመር። ያን ጊዜ የበሩ ጥበቃ፣ ከድር የሚሉት፣ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና ከቆርቆሮው ክዳን ሥር አቆመኝ።

«ኦቦ ቶለሳ፣ አልሰሙም ለካ! ግንቦት ላይ አረፈች እኮ። ሰበታ፣ ከወላጆቿ ጎን ነው የተቀበረችው» አለኝ።

ምን እንደ መለስኩለት አላስታውስም። ፋይሌን ብብቴ ሥር አድርጌ ልሄድ ስል ያቺ የመስኮቷ ልጅ ዝናቡን ሳትፈራ ተከትላኝ ወጣች። «አባባ፣ እድሳት አሁን በስልክ ሆኗል። ቤትዎ ቁጭ ብለው ነው የሚያድሱት፤ መመላለስ ቀረልዎ» አለችኝ። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። መረቅኳትና መንገዴን ያዝኩ። በልቤ ግን፣ «ታዲያ ማን ያነብልኛል?» እል ነበር።

እኔ የቀርከሃ ወንበር ሠሪ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር፣ አንዲት የባሕር ዛፍ ጥላ ነበረችኝ። ወንበሬን እዚያ ደርድሬ፣ እዚያው ተቀምጬ ቀርከሃ እሰነጥቃለሁ። በመኪና የሚያልፍ ያያል፤ ዓይኑን የሳበው ይቆማል። ንግዴ ይኸው ነበር፤ ፈቃድ የሚባል ነገር ጠይቆኝም የሚያውቅ የለም። ከዚያ መንገዱ ይሰፋል ተባለና ተነሣን። መንገዱ አምሮበታል፤ አልዋሽም። የእኔ ወንበር ግን ግቢዬ ውስጥ ተቆልሎ ቀረ። ግቢዬ ደግሞ ከአስፋልቱ ርቆ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ የሚያወልቅ ሰፈር ውስጥ ነው። ማን መጥቶ ያየዋል?

መላ ያመጣችው ልጄ ሲፈን ናት። ወንበሮቹን አንድ በአንድ አጥሩ ሥር እያቆመች በስልኳ ታነሣቸውና ቴሌግራም ላይ ትለቃቸው ጀመር። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ፣ «አባዬ፣ ሱቅ ከፍተናል» አለችኝ። ተመልሼ ወጥቼ በሩን አየሁ፤ ምንም የለም። «የታለ?» ብላት ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

እውነትም ገዢ መጣ። አንድ ሁለት እያልን ሸጥን። ከዕለታት አንድ ቀን ሱሉልታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራ ሰው ደወለ። ለመስቀል ሊከፍት ነው፤ አርባ ወንበር ይፈልጋል። ነገር ግን ሕጋዊ ደረሰኝ ከማይሰጠው ሰው አይገዛም። ደረሰኝ ለማሳተም ደግሞ የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ጳጉሜ ሳያልቅ ፈቃዱን ካሳያችሁኝ ሥራው የእናንተ ነው። ካልሆነ የፕላስቲክ ወንበር እገዛለሁ» አለ፤ በጨዋ ደንብ ነው የተናገረው። ጊዜው ነሐሴ ገብቶ ነበር። ያ ሥራ ካመለጠኝ ገጀራዬን ሰቅዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ግንባታ ቦታ ለጥበቃነት ልቀጠር ነበር። ሰው አስጠይቄ፣ ካፖርት ሁሉ ተውሼ ነበር። ካፖርቱ በር ኋላ ተሰቅሎ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል።

ቢሮው ሄድኩ። ሦስት መስኮቶች አሉ። ሁለቱ ላይ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል፤ ሦስተኛው ላይ ሁለት ሰው ብቻ ቆሟል። አለማወቅ ክፉ ነው፤ ደስ ብሎኝ ወደዚያ ሄድኩ። የሰፈሬ ሰው፣ ብሎኬት የሚሸጠው ጋሽ ማሞ፣ ከሌላው ሰልፍ አየኝና፣ «ኦቦ ቶለሳ! እዚያ ምን ያደርጋሉ? ዜና አንባቢዋ ጋ ገብተው ሳይመሽ ላይወጡ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሴትም ሰምታ ፈገግ አለች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። መነጽሯን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አስራዋለች። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብላ ደኅንነቴን ጠየቀችኝ። ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለውን ነው። እሷ ግን፣ «ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። ቀርከሃውን ነገርኳት። ከየት እንደማስመጣው፣ ስንት ቀን እንደማደርቀው፣ ለምን ጨረቃ ስትጎድል እንደሚቆረጥ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው እግሩን ቀያየረ።

ቅጹን አወጣች። እኔ በወጣትነቴ መሠረተ ትምህርት ገብቼ የግዕዙን ፊደል ቆጥሬአለሁ። ቅጹ ግን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው። ቋንቋው የእናቴ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ፊደሉ አያውቀኝም። ስለዚህ ቢሮ በገባሁ ቁጥር እንደማደርገው አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ አሽቼ ዘረጋሁላት። «የት ጋ ነው?»

የቀለሙን ስፖንጅ ሳብ አድርጋ ወረቀት ቀድዳ ሰጠችኝ። «ይጥረጉት፣ ኦቦ። መጀመሪያ እናንብብ።»

«ልጄ፣ አምኜሻለሁ።»

«እኔን ማመንዎ ደግ ነው። ወረቀቱን ግን አያውቁትም።»

አነበበችልኝ። የግራ እጇን ጣት ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ድምጿን ሳታፈጥን፣ ኦሮምኛውን አንብባ የከበደኝን በአማርኛ እየደገመች። እያንዳንዱ ነገር ሲያበቃ በጣቷ አንጓ ጠረጴዛውን ኳ አድርጋ፣ «ገባ?» ትላለች። «ገብቷል» ካላልኩ አታልፍም። አንዴ ሳይገባኝ «ገብቷል» ብል ዓይኔን አየችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከኋላዬ የነበሩት ሁለት ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ሌላው ሰልፍ ሄዱ።

«የንግድ ቦታ አድራሻ» የሚለው ላይ ስንደርስ ወደ ሰልፉ ዞር አልኩ። ጋሽ ማሞ ጆሮውን ጥሎ ኖሯል፤ ከሩቅ ሆኖ፣ «ሱቅ አላቸው! አለኝ ይበሉ እንጂ!» አለ። «አለኝ» አልኩ። እሷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችና፣ «እንግዲያው ሐሙስ መጥቼ አየዋለሁ፤ ደንቡ ነው» አለችኝ። ጣቴን የጠረግኩበትን ወረቀት በእጄ እንደጨበጥኩ ወጣሁ።

ጋሽ ማሞ በር ላይ ጠበቀኝ። ለእኔ አዝኖ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ሱቅ የሌለው ሰው ፈቃድ አያገኝም። የሚታይ ነገር ነው የሚፈልጉት። አንድ ቀን ያሳዩአቸው፤ ከዚያ ማን ተመልሶ ያያል? ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ።

የወንድሜ ልጅ ደረጀ አስፋልቱ ዳር የፀጉር ማስተካከያ ቤት አለው። ለምኜው ለአንድ ጠዋት ለቀቀልኝ። መስታወቱን በመጋረጃ ሸፈንን፤ የፀጉር ቤቱን ወንበር ወደ ጓዳ ገፋነው። የእኔን ስድስት ወንበሮች ደርድረን ሲፈን በካርቶን ላይ «የቀርከሃ ሥራ» ብላ ጽፋ ለጠፈች። ሲፈን ነገሩ ደስ አላላትም፤ «አባዬ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» አለች። ተቆጣኋት። ያን ቁጣዬን ብትረሳልኝ ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ዝናቡ ቀኑን አጨልሞት ነበር። ወይዘሮ እልፍነሽ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ፋይሏን በፕላስቲክ ጠቅልላ መጣች። ገባች፤ ዙሪያውን አየች። ወንበሮቹን በእጇ ዳሰሰቻቸው። አንዱ ላይ ተቀመጠች፤ ተደላደለች። «የሚያምር ሥራ ነው» አለች። ከዚያ ፋይሏን ከፈተችና፣ «ጨለማ ነው፤ መብራት ያብሩልኝ፣ ኦቦ» አለችኝ።

ማብሪያው የት እንዳለ አላውቅም። በቀኝ ያለውን ግድግዳ ዳበስኩ፤ የለም። በግራ ሄድኩ፤ የለም። በሩ ኋላ ፈለግኩ። በገዛ ሱቄ እንደ ዓይነ ስውር ግድግዳ ስዳብስ እሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ጎረምሳ ከዝናቡ እየሮጠ ገብቶ፣ «ደረጀ የለም እንዴ? ጢሜን ልላጭ ነበር» አለና አንዱ የቀርከሃ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ጎንበስ ብላ ከጥጉ የተቆረጠ ፀጉር በሁለት ጣቷ አነሣች። «ኦቦ ቶለሳ፣ ቀርከሃ ፀጉር ያበቅላል እንዴ?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሲፈን ፊቷን ሸፈነች። ወይዘሮዋ ግን ሳቀች። እኔም እስክስቅ ድረስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ፋይሏን ዘጋችና ተነሣች። «በሉ አሁን እውነተኛውን ቤት ያሳዩኝ።»

በዚያ ጭቃ አብራን ወረደች። ሁለት ጊዜ ተንሸራትታ ሲፈን ያዘቻት። ግቢ ገብተን ዳሱን አየች፤ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ፣ የማስርበትን ልጥ፣ ግማሽ የደረሱትን ወንበሮች አየች። ፈቃዱን ሳላገኝ የሱሉልታውን ሥራ ጀምሬ ነበር፤ እጄ አላስቻለኝም። «መሸጫውስ?» አለች። ሲፈን ስልኩን ሰጠቻት። መነጽሯን አድርጋ ፎቶዎቹን ተራ በተራ አየች። የተጻፈ ነገር ሁሉ ይነበባል ለእሷ፤ ገዢዎች የጻፉትን ሳይቀር ጮክ ብላ አነበበችው።

«የተሸጠው ወንበር በወሩ ቢፈታ፣ የገዛው ሰው የት ይመጣል?» ብላ ሲፈንን ጠየቀቻት።

«ይደውልልኛል።»

«ባታነሺስ?»

ሲፈን ወደ እኔ ዞረች።

«አድራሻ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፣ የኔ ልጅ። እኔ እንዳየው አይደለም። ሰውየው እንዲያገኛችሁ ነው።»

ያን ጊዜ እኔ ለመንኳት። ሽማግሌ ሲለምን አያምርም፤ ቢሆንም ለመንኳት። «ልጄ፣ ሱቅ የለውም ብለሽ ከጻፍሽ ይከለክሉኛል አሉ። የደረጀን ቤት ጻፊልኝ። ማን ያውቃል?»

«አንቱ ያውቃሉ» አለችኝ። «በየዓመቱ ሐምሌ በመጣ ቁጥር፣ ደረጀ ቤቱን ለቆ ይሆን፣ ሰው መጥቶ ይጠይቅ ይሆን እያሉ ይሰጋሉ። ይሄ ወረቀት እንዲያኮራዎት ነው እንጂ እንዲያሸሽዎት አይደለም።» እስክሪብቶዋን አወጣችና፣ «አልደብቅዎትም፤ ሊከለከል ይችላል። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ጽፌ ግን አልተውዎትም» አለች።

ያየችውንም እዚያው ቆማ ጻፈች። ስትጨርስ አነበበችልኝ። «መሥሪያው በመኖሪያ ግቢው ውስጥ ያለ ዳስ ነው። ሽያጩ በስልክ ነው። ሌላ ሱቅ የለውም።» ኳ የምታደርገው ጠረጴዛ ስላልነበራት ግማሽ የደረሰውን ወንበር አንኳኳች። «ገባ?»

«ገብቷል» አልኳት። ሐሳቤ ግን በሩ ኋላ የተሰቀለው ካፖርት ላይ ነበር።

በሳምንቱ ተጠራሁ። ፋይሉ ከኃላፊው ተመልሷል፤ የንግድ ቦታ የለውም ተብሎ። ወይዘሮ እልፍነሽ መስኮቷን ዘግታ፣ እኔንና ሲፈንን ይዛ ወደ ኃላፊው ክፍል ገባች። ኃላፊው ወጣት ሰው ነው፤ ጠረጴዛው በፋይል ብዛት አይታይም።

«እልፍነሽ፣ ደግሞ ምንድን ነው? ሱቁ የታለ?»

የሲፈንን ስልክ ፋይሎቹ ላይ አስቀመጠችለት። «ይኸው፤ ይግቡ።»

ሰውየው ተቆጣ መሰለኝ፤ ቢሆንም በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ቆየ። «ይሄ መደገፊያ ያለው አሁንም አለ?» አለ። ሲፈን፣ «አለ፣ በትዕዛዝ ነው» አለችው። ወዲያው ፊቱን ሰብሰብ አደረገና፣ «ጥሩ፤ ግን ነገ ይሄ ሰውዬ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ስልኩን ቢያጠፋ የት ሄጄ ነው የምይዘው? ለዚህ ነው ሱቅ የምጠይቀው» አለ።

«እኔም ለዚህ ነው ቤቱን የጻፍኩት» አለች። «የተደረደረልኝን ሱቅ ጽፌልዎት ቢሆን ኖሮ፣ ሊይዙት ሄደው የሚያገኙት ምላጭ የያዘ ሰው ነበር። አሁን ግን ግቢውን አውቀዋለሁ፤ ጭቃው ገና ቦቲዬ ላይ አለ። ልጥፋ ቢል እንኳ ያን ሁሉ ቀርከሃ ተሸክሞ የት ይሄዳል?»

ኃላፊው ምላጩ ባይገባውም ሳቀ። ከዚያ በቁም ነገር፣ ነዋሪ መሆኔን የሚመሰክር ደብዳቤ ከቀበሌ እንዳመጣ፣ የስልኩ ሱቅ ስምና የፈቃዱ ስም አንድ እንዲሆን፣ የሲፈን ስልክ ቁጥር ፋይሉ ላይ እንዲሰፍር ነገረንና ፈረመ። ስንወጣ ሲፈን የተጠየቅነውን በጣቷ ትቆጥር ነበር። እልፍነሽ ደግሞ መስኮቷን ከፍታ፣ «ቀጣይ!» እያለች ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ወረቀት ተሰጠኝ። ማኅተም አለበት፤ ስሜ አለበት። ደስታዬን አልቻልኩም፤ እዚያው በር ላይ ሆኜ ለሱሉልታው ሰው ላስደውል ስል በመስኮቷ ጠራችኝ። «ኦቦ፣ ይሄ ምዝገባው ነው፤ ፈቃዱ ገና ነው» አለች። ሁለቱ ልዩ ልዩ ነገር መሆናቸውን አነበበችልኝ፤ አልገባኝም። መነጽሯን አወለቀች። «ልጅ ክርስትና ሲነሣ ስም ያገኛል አይደል? ስም አገኘ ተብሎ ግን በሬ ጠምዶ እርሻ አይወርድም። ምዝገባው ስምዎ ነው። ፈቃዱ ሲመጣ ነው እርሻ የሚወርዱት። ገባ?» ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ለስንቱ ሰው ነግሬአለሁ፤ የእኔ አባባል የሚመስላቸው አሉ።

ፈቃዱ የወጣው ጳጉሜ በገባ በማግስቱ ነው። ቡናማ ፍሬም ገዝቼ ልሰቅለው ወደ ቤት ስቻኮል ወይዘሮ እልፍነሽ፣ «የት ሊሰቅሉት ነው?» አለችኝ። «ሳሎን።» «ገዢው በሳሎንዎ ነው የሚገባው? ደንቡ ገዢ በሚያይበት ቦታ ይሰቀል ነው የሚለው። ሲፈን ፎቶ አንሥታ ስልኩ ላይ፣ ሱቁ መግቢያ ላይ ትስቀለው። አንዱን ደግሞ ሳሎንዎ ይስቀሉ፤ ለራስዎ ደስታ።» እንዲሁ አደረግን። ካፖርቱን መለስኩ። ለመስቀል አርባው ወንበር ሱሉልታ ደረሰ።

ምስጋናዬን ምን ላድርገው? ጀርባዋን እንደሚያማት አይቻለሁ፤ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ጠረጴዛውን ትደገፋለች። ስለዚህ ለወገቧ የሚመች፣ መደገፊያው ጎበጥ ያለ ወንበር ሠራሁ። እንደዚያ ያለ ወንበር ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አልሠራሁም። ተሸክሜ ቢሮ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ገለቶማ ለማለት ነው።»

«አፍዎ አለ አይደል? እሱ ይበቃኛል። ቢሮ ውስጥ ስጦታ ሌላ ስም አለው። ይመልሱት።»

ወንበሩን አንሥቼ ልወጣ ነው። ሽማግሌ ሰው፣ ሰው እያየኝ፣ ዕንባዬ መጣ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «ይሸጣል?» አለች።

«ምን?»

«ወንበሩ ነዋ። እናንተ ነጋዴ አይደላችሁም? ከሥራ ስወጣ እገዛለሁ። ግን ደረሰኝ ካልቆረጡልኝ አልገዛም።»

ከሥራ ስትወጣ እንደ ማንኛውም ገዢ በዋጋው ተከራከረችኝ፤ እኔም እንደ ሻጭ ተከራከርኳት። ደረሰኙን ሲፈን ጽፋ እኔ ቆረጥኩ። ወይዘሮ እልፍነሽም ከቢሮው ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለእድሳት እሄዳለሁ። ሰልፉ ሁለቱ መስኮቶች ላይ ረጅም፣ የእሷ ላይ አጭር ነው። ብዙ ሰው አይወዳትም ነበር፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። የቸኮለ ሰው ያማርራታል፤ ከሰው ጋር ተጣልታም ታውቃለች። እኔም አንዴ ቸኩዬ በሁለተኛው መስኮት ልጨርስ ብዬ ተሰልፌ ሳለ አሻግራ አይታኝ ሰላምታ ሰጠችኝ። አልተቀየመችም። ሰልፌን ጥዬ ወደ እሷ ሄድኩ።

ማረፏን በሰማሁ በሳምንቱ በአየር ጤና አድርጌ ሰበታ ሄድኩ። የዘገየ ለቅሶ ነው፤ ቢሆንም ካለመድረስ ይሻላል። ታላቅ ወንድሟ ኦቦ ፈይሳ ተቀበሉኝ። በረንዳው ላይ ያ ወንበር ተቀምጧል። መቀመጫው ከብዙ መቀመጥ ለስልሷል፤ በግራ በኩል ያለው ማሰሪያ ላልቷል። «መጨረሻ ላይ አልጋ እምቢ ስትል እዚህ ነበር የምትውለው» አሉኝ። ቢላና ልጥ አስመጥቼ፣ እያወራን ማሰሪያውን አጠበቅኩት። እጄ ሥራ ሲይዝ ለቅሶው ይቀለኛል።

እንዴት እንደማውቃት ጠየቁኝ። ስለ ንባቧ ነገርኳቸው። ኦቦ ፈይሳ ወደ ቀድሞው ሜዳ አሻግረው አዩ፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት አሁን የፋብሪካ አጥር ነው።

«ያ መሬት የአባታችን ነበር» አሉ። «እሷ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ሰው ወረቀት ይዞ መጣ፤ አባታችን በጣታቸው ፈረሙ። ምን እንደሚል የጠየቀ የለም። እሷ ማንበብ ትችላለች፤ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጅ ነሽና ዝም በይ ተባለች። ዝም አለች።»

የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጥሬ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩ።

ወደ ቤቴ በተመለስኩ ማግስት ሲፈን ስልኳን ይዛ ዳሱ ሥር መጣች። «አባዬ፣ እድሳቱን ሞልቼ ጨርሻለሁ። እዚህ ጋ "አንብቤ ተስማምቻለሁ" የሚለውን ተጫንና አለቀ።»

«አንብበሽዋል?»

«ማን ያነበዋል! ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚጫነው።»

«እንግዲያው አንብቢልኝ።»

«በናትህ አባዬ፣ ይሄን ያህል ርዝመት ነው! ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

«እኔም ተሰልፌያለሁ» አልኳት።

አየችኝ። ገባት መሰለኝ፤ ወንበር ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀመረች። ስሜን አነበበች፤ የሰፈራችንን ስም፣ የግቢያችንን አድራሻ፣ ሽያጩ በኢንተርኔት መሆኑን፣ መረጃው ሐሰት ቢሆን የሚከተለውን ሁሉ አነበበች። የከበደኝን ደግማ አስረዳችኝ። ልብ ብላ ይሁን ሳታስበው፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር ታስኬድ ነበር። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሣችም። ሰማዩ እየጨለመ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ድምጿን ከፍ አደረገች።

መጨረሻው ላይ ስትደርስ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ያላለቀ ወንበር በጣቷ አንጓ ኳ አደረገች።

«ገባህ?»

«ገብቷል» አልኳት።

ስልኩን ዘረጋችልኝ። አውራ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና ተጫንኩ።